የቲቪ ቦክስ ሪሞት አመራረጥ፦ ለጅማ ገዢዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ቲቪ ቦክስ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ዩቲዩብንና ሌሎች አፕሊኬሽኖችን በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ፣ ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ራም፣ ስለ ማከማቻ መጠንና ስለ ምስል ጥራት ነው፤ ሻጩም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እያነበበ ይመልሳል። በካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚመጣው ሪሞት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ በየቀኑ እጅ የሚነካው፣ ልጅ የሚጥለው፣ ቡና የሚፈስበት፣ ሶፋ ሥር ገብቶ የሚጠፋው ሪሞቱ ነው። ቦክሱ ራሱ ለዓመታት ሊያገለግል ሲችል፣ ሪሞቱ ከጠፋና ምትክ ካልተገኘ ዕቃው በሙሉ ቡፌ ላይ የተቀመጠ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጅማ ላለ ገዢ ጥያቄው አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው። ለተለመዱት ርካሽ ቦክሶች የሚሆን ሪሞት ከጅማው መርካቶ ሱቆች ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ የአንዳንድ ቦክሶች ሪሞት ግን ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም፤ ይህም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለን ሻጭ በስልክ ማፈላለግና በሰው ማስላክ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የምርት ስሞችን ደረጃ አያወጣም፤ ስሞች የሚነሡት ለምሳሌነት ብቻ ነው። የሚመለከተው የሪሞት ዓይነቶችን ሲሆን፣ ቦክሱንም በሪሞቱ በኩል አይቶ መምረጥ ይቻላል የሚል እምነት አለው።

መለኪያዎቹ

ከሁሉም የሚቀድመው መለኪያ ሪሞቱ ከቦክሱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን፣ በብሉቱዝ ወይም በዩኤስቢ በሚሰካ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ቦክሱ የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ሪሞቱ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ በድምፅ ማዘዝ ይቻል እንደሆነና ባትሪው እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሁለተኛው መለኪያ ምትክ የማግኘት ቀላልነት ነው፤ በእኔ ግምት ጅማ ላለ ገዢ ከመጀመሪያው እኩል ሊመዘን ይገባዋል። ሦስተኛው አንዱ ሪሞት ቴሌቪዥኑንም ጭምር ማብራት፣ ማጥፋትና ድምፁን መቀነስ መቻሉ ነው። አብዛኛው ቤት የዲሹ ሪሲቨር ሪሞትና የቴሌቪዥኑ ሪሞት ስላሉት፣ ሦስተኛ ሪሞት ሲጨመር የቤቱ ሰው ግራ ይጋባል። ከእነዚህ ቀጥሎ የባትሪው ዓይነት፣ የቁልፎቹ አቀማመጥና ጽሑፍ የሚጻፍበት መንገድ ይመጣሉ።

የድምፅ ትእዛዝን ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ቢሆንም፣ እኔ ግን በዝርዝሩ መጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ኢንፍራሬድ ሪሞት

ይህ ዓይነት ሪሞት ዓይን በማያየው ብርሃን ይሠራል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል እያበራችና እያጠፋች ትልካለች፤ በቦክሱ ላይ ያለው ተቀባይም ይህንን ፍጥነት ነጥሎ ስለሚያነብ የክፍሉ መብራት እምብዛም አያደናግረውም። በተቀባዩ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ብርቱ ፀሐይ ግን የሪሞቱን ርቀት ያሳጥረዋል። የዲሽ ሪሲቨርም ሆነ የአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ሪሞት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የኢንፍራሬድ ትልቁ ጥቅም ሪሞቱና ቦክሱ አስቀድመው መተዋወቅ የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። ተመሳሳይ ኮድ የሚልክ ማንኛውም ሪሞት ያንን ቦክስ ያዛል፤ የጠፋውን ለመተካት የሚያስፈልገው ተመሳሳይ መልክና ቁልፍ ያለውን ፈልጎ ሱቁ ውስጥ ሞክሮ መውሰድ ብቻ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ሪሞት ጋር ስለሚመጡ፣ ምትካቸውም በአንጻራዊነት ቅርብ ነው። ሌላም መውጫ አለ። ብዙ የሬድሚና የሻኦሚ ስልኮች አናታቸው ላይ የኢንፍራሬድ መላኪያ ስላላቸው፣ ሪሞቱ እስኪተካ ድረስ ስልኩ ሊተካው ይችላል።

ጉዳቱም ከዚያው ከጥቅሙ ይወጣል። ሪሞቱ የትኛው ቦክስ የእርሱ እንደሆነ ስለማያውቅ፣ ተመሳሳይ ኮድ የሚያነብ ሌላ ዕቃ በአቅራቢያው ካለ ሁለቱም አብረው ይታዘዛሉ። አንዳንድ ቤት የቦክሱን ድምፅ ልቀንስ ሲሉ የዲሹ ጣቢያ የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው መደራረብ በገዢው እጅ በቀላሉ የሚስተካከል ስላልሆነ፣ ሪሲቨር ያለው ሰው የሪሲቨሩን ሪሞት ይዞ ሱቅ ቢሄድና በሚገዛው ቦክስ ላይ ቢጫነው ይበጀዋል፤ ቦክሱ ከታዘዘለት ሌላ ይምረጥ።

ኢንፍራሬድ መታየትን ይጠይቃል። ቦክሱ ከመስታወት በር በስተጀርባ ቢሆን ብርሃኑ ያልፋል፤ ከእንጨት በር በስተጀርባ ወይም በግድግዳ ከተሰቀለ ቴሌቪዥን ኋላ ቢሆን ግን አይደርሰውም። ብዙ ሰው ሪሞቱን ከአቧራና ከፈሳሽ ለመጠበቅ በላስቲክ እንደጠቀለለ ይጠቀምበታል፤ ስስና ጥርት ያለ ላስቲክ ብርሃኑን አይከለክልም፤ የተደራረበና የደበዘዘ ከሆነ ግን ርቀቱን ይቀንሰዋል።

በርካሾቹ ኢንፍራሬድ ሪሞቶች መካከል ልዩነት የሚፈጥረው ዋና ነገር መማር የሚችሉ ቁልፎች መኖራቸው ነው። እነዚህ ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ በሪሞቱ አናት ላይ በመስመር ተከበው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ማብሪያ፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ የመግቢያ (ኢንፑት) መቀየሪያ ይሆናሉ። በተለመደው አሠራር «ሴት» (SET) የሚለው ቁልፍ ቀይ መብራት እስኪበራ ለጥቂት ሰከንዶች ተይዞ ይቆያል፤ ከዚያ የሚማረው ቁልፍ ይጫናል፤ ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ ሪሞት በቅርበት ፊት ለፊት ተደርጎ ተመሳሳዩ ቁልፍ ሲጫን ኮዱ ይቀዳል። ይህንን አንዴ የሠራ ቤት በአንድ ሪሞት ቴሌቪዥኑንም ቦክሱንም ያበራል። ሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ቦክሶች ቀርበው አንዱ ይህ ክፍል ካለው፣ በራም ቢያንስ እንኳ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ብሉቱዝ ሪሞት

ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ማነጣጠርን አይጠይቅም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖም ቢጫኑት ይታዘዛል። በቴሌቪዥኑ ጀርባ በቀጥታ የሚሰኩት ትንንሽ ዱላ መሳይ መሣሪያዎች ከብሉቱዝ ሪሞት ጋር የሚመጡትም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተደብቀው ብርሃን ስለማይደርሳቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የጎግል ክሮምካስት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ምንም ሪሞት አልነበረውም፤ የሚታዘዘው በስልክ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ግን ከብሉቱዝ ሪሞት ጋር መጣ። የአማዞን ፋየር ቲቪ፣ የሻኦሚ ቲቪ ቦክሶችና አፕል ቲቪም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ሮኩ ለየት ይላል፤ ተራው ሪሞቱ ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ ድምፅ የሚቀበለው ሪሞቱ ደግሞ ከብሉቱዝ ይልቅ ዋይፋይ ዳይሬክት በተባለ መንገድ ይገናኛል፤ ሁለቱ በመልክ ስለሚቀራረቡ ምትክ ሲያስልኩ መለየት ያስፈልጋል።

የብሉቱዝ ሪሞት ከቦክሱ ጋር መጣመር ወይም ሰዎች እንደሚሉት ፔር መደረግ አለበት። በክሮምካስት የ«ባክ» እና የ«ሆም» ቁልፎች አብረው ይያዛሉ፤ በፋየር ቲቪ የ«ሆም» ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ይያዛል። መብራት ቢጠፋም ጥምረቱ በማስታወሻ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይፋቅም፤ ግልገል ጊቤን የሚያህል ኃይል ማመንጫ ጎረቤቱ ሆኖ መብራት ለሚቋረጥበት ከተማ ይህ የሚያጽናና ነው። ጥምረቱን የሚያጠፋው ቦክሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው፤ ስለዚህ ሪሞቱ ሳይኖር ማንም ሰው ይህንን እንዳያደርግ ይጠንቀቅ።

ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቦክስ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሲሆን የብሉቱዝ ክፍሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ በብሉቱዝ ብቻ ሊነሣ አይችልም። ጥሩ አምራቾች በዚህ ምክንያት በብሉቱዝ ሪሞቱ ላይ የኢንፍራሬድ አምፖልም ይጨምራሉ፤ አምፖሉ የቴሌቪዥኑን ማብሪያና ድምፅ ለማዘዝም ያገለግላል። «ብሉቱዝ ነው» የሚለው የሻጭ መልስ በቂ አይደለም፤ «ኢንፍራሬድም አለው ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሪሞት በዚህ መመሪያ ከተመረመሩት ሁሉ የተሟላው ነው።

ድክመቱ ሲጠፋ ይታያል። የኢንፍራሬድ ሪሞት የጠፋበት ሰው ሌላ ገዝቶ ወዲያው ይጠቀማል፤ የብሉቱዝ ሪሞት የጠፋበት ሰው ግን አዲሱን ለማጣመር ወደ ቦክሱ ማስተካከያ ገጽ መግባት ሊኖርበት ይችላል፤ ወደዚያ ለመግባት ደግሞ ሪሞት ያስፈልገዋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ለኮምፒውተር የሚሆን ተራ የዩኤስቢ ማውስ በቦክሱ ላይ መሰካት ነው፤ የአንድሮይድ ቦክሶች ማውሱን ስለሚቀበሉ ቀስቱን ተከትሎ ማስተካከያው ውስጥ መግባት ይቻላል። ሁለተኛው በስልክ ላይ የሚጫነው የሪሞት አፕሊኬሽን ነው፤ እርሱ ግን ስልኩና ቦክሱ በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቤት የቀየረና የዋይፋዩ ስም የተለወጠበት ሰው ሊቸገር ይችላል።

የጠፋን ሪሞት ለማግኘት የሚረዳ ነገርም በቅርብ ዓመታት ታክሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጎግል ቲቪ ስትሪመር በመሣሪያው ጀርባ ያለው ቁልፍ ሲጫን ሪሞቱ ድምፅ ያሰማል፤ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ፕሮ የተባለው ሪሞትም እንዲሁ የመፈለጊያ ድምፅ አለው። ሕፃናት ያሉበት ቤት ለዚህ ቢከፍል አያስቆጭም፤ ለሌላው ግን ቅንጦት ነው።

የሬዲዮ ሞገዱ ከዋይፋይ ጋር አንድ ሜዳ ስለሚጋራ አልፎ አልፎ መዘግየት ያጋጥማል። የዱላ መሳዩ መሣሪያ በቴሌቪዥኑ ብረት ጀርባ ላይ ተጣብቆ ሲቀመጥ ደግሞ ሞገዱ ይታፈናል፤ ከካርቶኑ ውስጥ አጭር የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያልፍበት መሰኪያ) ማራዘሚያ ካለ መጣል የለበትም፤ መሣሪያውን ትንሽ ከብረቱ ማራቅ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ሌላው ስህተት መሣሪያውን ከቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ መሣሪያውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ዳግመኛ ሲበራ ሪሞቱ እስኪታወቅ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ከካርቶኑ የወጣውን ቻርጀር ግድግዳ ላይ መሰካት ይሻላል።

የድምፅ ቁልፍ

ብሉቱዝ ሪሞት ላይ ያለው የማይክሮፎን ምልክት ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ይሁንና ንግግርን ሰምቶ የሚታዘዘው የጎግል አሲስታንት ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም አፋን ኦሮሞም አይገኙም። የአማርኛ ዘፈን ስም በእንግሊዝኛ አጠራር ለሚጠብቅ መሣሪያ መናገር ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያስቃል እንጂ አይረዳም። በእንግሊዝኛ የሚፈልጉ ተማሪዎች፣ የውጭ ፊልም ተመልካቾችና «ዩቲዩብ ክፈት» ለማለት ብቻ የሚጠቀሙበት ሰዎች ይጠቀሙበታል።

በአማርኛ ለመፈለግ የተሻለው መንገድ ስልክ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስልክ ኪቦርድ ላይ አማርኛን በድምፅ የመጻፍ አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ ዩቲዩብን በስልኩ ከፍቶ በአማርኛ ፈልጎ ውጤቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተላለፍ ይቻላል። ስለዚህ ለድምፅ ቁልፍ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም። ሪሞቱ በላስቲክ ከተጠቀለለ ደግሞ የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ስለሚሸፈን ይህም ጥቅሙ ይቀራል።

ኤር ማውስ

ኤር ማውስ በእጅ ሲንቀሳቀስ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት የሚያንቀሳቅስ ሪሞት ነው፤ እንቅስቃሴውን የሚያነበው በውስጡ ባለ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ክፍል) ነው። የሚገናኘው በዩኤስቢ በሚሰካ ትንሽ ተቀባይ በኩል በመሆኑ ማጣመር አያስፈልገውም፤ ተቀባዩ ሲሰካ ሥራውን ይጀምራል። ብዙዎቹ በጀርባቸው ትንሽ ኪቦርድ ስለሚይዙ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ለመጻፍ ከሌሎቹ ሪሞቶች ይቀላሉ።

ጥቅሙ የሚታወቀው ለስልክ የተሠሩ አፕሊኬሽኖች በቦክስ ላይ ሲጫኑ ነው። እነዚህ አፕሊኬሽኖች የጣት ንክኪን እንጂ የቀስት ቁልፎችን ስለማያውቁ፣ በተራ ሪሞት አንዳንዱ ቦታ ላይ መድረስ አይቻልም። ድረ ገጽ የሚከፍትና ከአምራቹ መደብር ውጭ የመጡ አፕሊኬሽኖችን የሚጠቀም ሰው ካለ ኤር ማውስ ሊኖረው ይገባል። ዩቲዩብ ብቻ ለሚያይ ሰው ግን የሚንከራተት ቀስት ከማናደድ በቀር አይረባም።

ተቀባዩ ከጠፋ ሪሞቱም አብሮ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ዱላ መሳይ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ትልቅ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስለሌላቸው ተቀባዩን ለመሰካት ማያያዣ ይፈልጋሉ። ቦክሱ ሰማያዊና ጥቁር የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ካሉት ተቀባዩን ጥቁሩ ላይ መሰካት ይመረጣል፤ ዩኤስቢ 3.0 የሆነው ሰማያዊ ቀዳዳ ላይ ዲስክ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ዙሪያ ጫጫታ ስለሚፈጥር ሪሞቱን ያስተጓጉላል።

የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ መጠቀም

ብዙ ሰው የማያውቀው አማራጭ አዲስ ሪሞት ጨርሶ አለመጠቀም ነው። ኤችዲኤምአይ-ሲኢሲ የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው የኤችዲኤምአይ 1.2ኤ ደንብ ጀምሮ በዝርዝር የተቀመጠ ሲሆን፣ ምስልና ድምፅ የሚያልፉበት ያው ገመድ ትእዛዝም እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት የቀስት ቁልፎች ቦክሱን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቦክሱ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ቦክሱም ይተኛል። አምራቾች የየራሳቸውን ስም ስለሰጡት በማስተካከያ ገጹ ላይ ሲኢሲ የሚል ቃል ላይገኝ ይችላል፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል።

ለአረጋውያን ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለዓመታት የለመዱትን ሪሞት ሳይለውጡ አዲሱን ቦክስ መጠቀም ይችላሉ። የቦክሱ የራሱ ሪሞት በመሳቢያ ተቀምጦ ለማስተካከያ ብቻ ይወጣል። ችግሩ ሁሉም ቴሌቪዥን እኩል አለመታዘዙ ነው፤ አንዳንዱ የቀስት ቁልፎችን አስተላልፎ የ«ሆም» ቁልፍን ለራሱ ያስቀራል። መብራት ጠፍቶ በሌሊት ሲመለስ ቦክሱ ራሱን ሲያስነሣ ቴሌቪዥኑንም አብሮ ሊያበራው ይችላል፤ ይህ ካስቸገረ በቦክሱ ማስተካከያ ውስጥ ቴሌቪዥኑን የማብራት ፈቃዱ ብቻ ተነጥሎ ይዘጋል።

ስልክ እንደ ሪሞት

ስልክ ለጽሑፍና ለፍለጋ የሚወዳደረው የለም፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ግን አይሆንም። የስልኩ ባለቤት ከቤት ሲወጣ ሪሞቱም አብሮት ይወጣል።

ባትሪና ቁልፎች

አብዛኞቹ ሪሞቶች ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም ሦስት ኤ (AAA) የሚባለውን መጠን ይጠቀማሉ፤ ይህ በየሰፈሩ ሱቅ ስለሚገኝ ጥሩ ነው። የአፕል ሪሞት በውስጡ የሚሞላ ባትሪ ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚወጣው በዩኤስቢ-ሲ ይሞላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የአይፎን ላይትኒንግ ገመድ ይፈልጋል። በውስጡ የሚሞላ ባትሪ ሲያረጅ መለወጡ አስቸጋሪ ነው።

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ጅማ እርጥበት የሪሞት ጠላት ነው፤ የባትሪው ስፕሪንግ በቀላሉ ይዝጋል። ርካሽ ድንጋይ ሲያረጅ ያፈሳል፤ የአልካላይን ድንጋይ ሲያፈስ የሚታየው ነጭ ዱቄት በጥጥ ላይ ጠብ በተደረገ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ከተጠረገና በደንብ ከደረቀ ሪሞቱ ብዙ ጊዜ ይድናል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አንድ ላይ መክተት መፍሰሱን ያፋጥነዋል። ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ቤት ከሆነ ድንጋዩን ማውጣት ያስፈልጋል።

ስለ ቁልፎቹ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ማለት ይበቃል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ብሉቱዝ ሪሞቶች የቁጥር ቁልፍ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ድምፅ የሚዘጋውን ቁልፍ እንኳ ትተዋል፤ ስልክ ሲደወል ይህ ይናፈቃል። በአንጻሩ ኔትፍሊክስንና ሌሎችን በቀጥታ የሚከፍቱ ትልልቅ ቁልፎች ይታያሉ፤ እነርሱን የሚያስቀምጠው የንግድ ስምምነት እንጂ የተመልካቹ ፍላጎት አይደለም። ያንን አገልግሎት በክፍያ ለማይጠቀም ቤት ቁልፉ በስህተት የሚጫን እንቅፋት ነው። በአንድሮይድ ቦክሶች ላይ የቁልፍን ተግባር የሚቀይሩ አፕሊኬሽኖች ስላሉ ያንኑ ቁልፍ ዩቲዩብ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ኢንፍራሬድ | ብሉቱዝ | ኤር ማውስ | የቴሌቪዥኑ ሪሞት በሲኢሲ | ስልክ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማነጣጠር | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | አያስፈልግም | ወደ ቴሌቪዥኑ | አያስፈልግም |
| ማጣመር | የለም | አለ | የለም፤ ተቀባይ ይሰካል | የለም፤ በማስተካከያ ይከፈታል | አንድ ዋይፋይ ይፈልጋል |
| ከእንቅልፍ ማስነሣት | ይችላል | ኢንፍራሬድ ካለው አስተማማኝ ነው | እንደ ቦክሱ ይለያያል | በአብዛኛው ይችላል | እንደ ቦክሱ ይለያያል |
| ቴሌቪዥኑን ማዘዝ | መማሪያ ቁልፍ ካለው | ኢንፍራሬድ ወይም ሲኢሲ ካለው | አንዳንዱ | ሙሉ በሙሉ | በከፊል |
| ጽሑፍ መጻፍ | አድካሚ | አድካሚ | ቀላል | አድካሚ | ከሁሉ ቀላል |
| ምትክ በጅማ | ቀላል | አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል | ሙሉ ዕቃው ይገዛል | እንደ ቴሌቪዥኑ ስም | አያሳስብም |
| የሚያመቸው | ዝቅተኛ በጀት፣ ፔንሲዮን | የተደበቀ ቦክስ፣ ወጣት ቤተሰብ | ድረ ገጽ የሚከፍት | አረጋውያን | ፍለጋና መጠባበቂያ |

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው መማሪያ ቁልፎች ያሉት የኢንፍራሬድ ሪሞት ያለውን ቦክስ ቢይዝ አይቆጭም፤ ቦክሱን ፊት ለፊት በሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ይጠበቅበታል። የተረፈውን ገንዘብ በኋላ፣ ፍላጎቱ ከታየ፣ ለኤር ማውስ ሊያውለው ይችላል።

መካከለኛ በጀት ያለውና ቤቱ ዋይፋይ ያለው ቤተሰብ ብሉቱዝና ኢንፍራሬድ ያጣመረ ሪሞት ያለውን ይምረጥ፤ ከመግዛቱ በፊት ግን የሪሞቱን ምትክ ማን እንደሚያመጣ ሻጩን ይጠይቅ። ሻጩ መልስ ከሌለው ቦክሱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ሌላ ሱቅ ማየቱ አይከፋም። ከፍ ያለ በጀት ላለውና ሕፃናት ላሉበት ቤት የመፈለጊያ ድምፅ ያለው ሪሞት ለተጨማሪው ዋጋ የሚመጥን ጥቅም ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጊዜው ክፍል ስለሚቀይሩና የስልክ ሆትስፖት ስለሚጠቀሙ፣ በስልክ አፕሊኬሽን ላይ ብቻ መታመን የለባቸውም። አካላዊ ሪሞትና አንድ የዩኤስቢ ማውስ ቢኖራቸው ይበቃቸዋል።

ፔንሲዮንና ሆቴል ያላቸው ሰዎች ጥያቄያቸው ከቤተሰብ ይለያል። ተመሳሳይ የኢንፍራሬድ ቦክሶች በሁሉም ክፍሎች ካሉ አንድ ትርፍ ሪሞት ሁሉንም ክፍል ያዳርሳል፤ እንግዳ ይዞት ቢሄድ እንኳ ሥራ አይስተጓጎልም። በብሉቱዝ ከሆነ እያንዳንዱ ሪሞት ከክፍሉ ቦክስ ጋር ብቻ የተጣመረ ስለሆነ የክፍል ቁጥር ጀርባው ላይ መለጠፍ አለበት፤ ጽዳት ላይ ሁለቱ ከተቀያየሩ ሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ ይቆማል። ኳስ የሚያሳዩ ካፌዎች ግን ብሉቱዝ ይሻላቸዋል፤ ሰው በቆመበት መካከል ማነጣጠር አይቻልም፤ ቦክሱ የኢንፍራሬድ ተቀባይ ከሌለው የደንበኛ ሬድሚ ስልክም ጨዋታውን ሊቀይረው አይችልም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

የኢንፍራሬድ ሪሞት አምፖል መሥራቱን በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል፤ ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙረው ቁልፍ ሲጫኑ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ብልጭታ ይታያል። የኋላ ካሜራቸው ይህንን ብርሃን የሚያጣራባቸው ስልኮች ስላሉ የፊቱ ካሜራ ይመረጣል። ብሉቱዝ ከሆነ ጀርባ አዙረው፣ ሪሞቱን ወደ ሱቁ በር አቅጣጫ አድርገው ይጫኑ፤ ከታዘዘ ብሉቱዝ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ካልታዘዘ ማይክሮፎን የተሣለበት የኢንፍራሬድ ሪሞት ሊሆን ይችላል። ቦክሱን በሪሞቱ አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ያብሩት፤ የማስነሣት ችግር ካለ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «ኦኬ» እና የቀስት ቁልፎቹ በቀላል ግፊት መሥራታቸውን እያንዳንዱን ይሞክሩ፤ ከሌሎቹ ቀድመው የሚያልቁት እነርሱ ናቸው።

ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት የባትሪውን ክዳን ከፍተው በውስጡ ወይም በጀርባው የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር፣ የሪሞቱንም ፊት ጨምረው ፎቶ ያንሡ። ሪሞቱ ጠፍቶ ምትክ ሲፈለግ፣ ከጅማው መርካቶም ሆነ ከአዲስ አበባ፣ ሻጩ በቅድሚያ የሚጠይቀው ያንን ፎቶ ነው።